አምስት ኪሎ ሜትር፦ የኒውተንሞር የሺንቲ ክለብና ጎረቤቱ

በስኮትላንድ ከኤድንብራ ወደ ኢንቨርነስ የሚያመራው ባቡር 452 ሜትር ከፍታ ያለውን የድሩሞክተርን በር ተሻግሮ ወደ ስፔይ ወንዝ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ኒውተንሞር የምትባል መንደር ያገኛል። አንዳንዱ ባቡር ሳይቆም ያልፋታል። የሚቆመውም ቢሆን ገና ፍጥነቱን ሳይዝ ቀጣዩ ጣቢያ ኪንዩሲ ይደርሳል፤ በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ኒውተንሞር የአንድ ሺህ ሰው ያህል መኖሪያ ስትሆን ኪንዩሲ ከእርሷ ጥቂት ትበልጣለች። ሁለቱም አንድ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች፣ ጥቂት ሆቴሎችና ሱቆች አሏቸው፤ በስተጀርባቸው የሞናሊያ ተራሮች፣ ከፊታቸው የኬርንጎርም ተራሮች ይታያሉ። መንገደኛ አንደኛዋን ከሌላዋ ለመለየት የጣቢያውን ሰሌዳ ማንበብ ይኖርበታል።

የእነዚህ ሁለት መንደሮች ስም ግን ከመጠናቸው ጋር አይመጣጠንም። ሺንቲ የተባለው የደጋማው ስኮትላንድ ጨዋታ ትልቁ ሽልማት የካማናክድ ዋንጫ ነው፤ ይህንን ዋንጫ ኒውተንሞር ከ30 ጊዜ በላይ፣ ኪንዩሲ ደግሞ ከ20 ጊዜ በላይ ወስደውታል። እኔ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ስለ ኒውተንሞር ክለብ ብቻ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን በገፋሁበት መጠን በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ኪንዩሲ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ የትንሽ መንደር ክለብ ከመቶ ዓመት በላይ በሕይወት እንዲቆይ የሚያደርገው ምን እንደሆነ የሚያስረዳውም ከዋንጫው ብዛት ይልቅ ይህ ጉርብትና ይመስለኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺንቲን ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ገናን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ በዱላው የምትመታ ትንሽ ክብ ነገር፣ ሁለት ወገን፣ ሰፊ ሜዳ። እኔ ባደግሁበት በሰሜን ሸዋ እህሉ ተወቅቶ ሜዳው ሲራቆት ወጣቶች የገና ዱላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብሎ መከፈል፣ ሩሯን እየተሻሙ እስከ ማምሻ መሮጥ፣ በቅልጥም ላይ ያረፈውን ምት ሁሉ እንደ ጨዋታው አካል ተቀብሎ ወደ ቤት መመለስ የበዓሉ ወግ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሺንቲንም በመጀመሪያ ሳይ ያስገረመኝ ጨዋታው እንግዳ መሆኑ ሳይሆን እንግዳ አለመሆኑ ነው፤ እንግዳ የሆነብኝ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ጨዋታው በየቅዳሜው መኖሩ፣ ተራ የወጣለት፣ ውጤቱ የሚመዘገብለትና ሠንጠረዥ ያለው መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ወደ ጣራው ሥር ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ሜዳው እንቅረብ። በአንድ ወገን 12 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ ሜዳው ርዝመቱ እስከ 155 ሜትር ስለሚደርስ ከእግር ኳስ ሜዳ በግልጽ ይበልጣል። ግቡ ስፋቱ ሦስት ሜትር ከ66፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። ኳሷ ከቴኒስ ኳስ ጥቂት ታንሳለች፤ ውስጧ ቡሽ ሆኖ በሱፍ ክር ይጠቀለልና በላዩ ቆዳ ይሰፋበታል። ዱላው ካማን ይባላል። ድሮ ሰው ከጫካ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ መርጦ ይቆርጥ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሂከሪ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሰነጠቁ ስስ ሰሌዳዎች በሙጫ ተደራርበው ይታጠፋሉ፤ ከዚያም በእጅ ይጠረባሉ። የካማኑ ራስ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ወርዱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ለጨዋታ አይፈቀድም። በሁለቱም ጎኑ መምታት ይቻላል፤ ኳሷን መሬት ላይ ሳለችም በአየር ላይ ሳለችም መምታት ይቻላል፤ ዱላውን ከትከሻ በላይ አንሥቶ በሙሉ ኃይል መወንጨፍም አልተከለከለም። እጅ መጠቀም የሚችለው በረኛው ብቻ ነው፤ እርሱም በተዘረጋ መዳፉ ይመልሳታል እንጂ አይጨብጣትም።

ጨዋታው ሲጀመር ዳኛው በሜዳው መካከል ሁለት ተጫዋቾችን ፊት ለፊት ያቆማል። ሁለቱ ካማኖቻቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ያጋጥማሉ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ኳሷን በመካከላቸው ወደ ላይ ይወረውራታል። የኒውተንሞር ሜዳ ኤላን ይባላል፤ ከመንደሩ ወረድ ብሎ በስፔይ ወንዝ አጠገብ ባለው ለጥ ያለ መስክ ላይ ነው። እዚያ መስመሩ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ውርወራ የተመለከተ ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማል፤ ሁለቱ ዱላዎች በአየር ላይ ይጋጫሉ፤ ድምፁ እንጨት በመጥረቢያ ሲፈለጥ ከሚወጣው አይለይም፤ ከዚያ ኳሷ ከየት ወዴት እንደ ሄደች ለማወቅ ተመልካቹ የተጫዋቾቹን አንገት መከተል አለበት። ሕፃናት በመስመሩ ዳር የራሳቸውን ትንንሽ ካማን ይዘው ሌላ ጨዋታ ይጫወታሉ። በትልቆቹ ጨዋታ ላይ ዓይናቸውን የሚያሳርፉት ጩኸት ሲሰሙ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ደንብ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ሺንቲ የአየርላንዱ ኸርሊንግ ወንድም ነው፤ ጌይልኛ ተናጋሪዎቹ ሕዝቦች ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት አንድ ጨዋታ ለሁለት የተከፈለበት ነው ማለት ይቻላል። በደጋማው ስኮትላንድ የጨዋታው ዋና ጊዜ የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ነበር። አንዱ ደብር ከሌላው፣ አንዱ ሸለቆ ከማዶው ሸለቆ ጋር ይገጥማል፤ የተጫዋቹ ቁጥር ወሰን የለውም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ባለ ርስቱ ሜዳውንና ውስኪውን ይሰጣል፤ የከረጢት ዋሽንት (ባግፓይፕ) ነፊው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ጨዋታው የሚያበቃው ሲጨልም ነው። ብሪታንያ በ1752 አዲሱን የዘመን አቆጣጠር ብትቀበልም በደጋው ብዙ ቦታ አሮጌው አቆጣጠር በሰው ልብ አልጠፋም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት እንኳ አዲስ ዓመታቸውን ጃንዋሪ 12 ቀን የሚያከብሩና የሺንቲ ጨዋታቸውን በዚያ ቀን የሚያደርጉ ነበሩ። የእኛም ገና ጃንዋሪ 7 ላይ የሚውለው በዚሁ በአሮጌው አቆጣጠር ምክንያት ነው። በአንድ ሰሞን፣ በሁለት ተራራማ አገሮች፣ እርስ በርሳቸው ምንም የማይተዋወቁ ሰዎች በቆለመመ ዱላ ሲራኮቱ ማሰብ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ አልፌ ግን አንዱ ከሌላው ወሰደ የሚል ወሬ ለመጀመር አልፈልግም። ሜዳ፣ ዱላና ሥራ የሌለበት ቀን ያለው ሕዝብ ሁሉ ይህን ጨዋታ በራሱ ሊያገኘው ይችላል።

የበዓል ጨዋታን ወደ ክለብ የለወጠው ምን ነበር? አንዱ ባቡር ነው። የሃይላንድ የባቡር መስመር በ1863 ሁለቱ መንደሮች ባሉበት በባደኖክ አካባቢ በኩል ሲያልፍ ኒውተንሞርና ኪንዩሲ በአንድ ጊዜ ከፐርዝ፣ ከኢንቨርነስና ከግላስጎው ጋር ተገናኙ። ከዚያ በፊት አንድ ቡድን ለመጫወት የሚችለው በእግሩ ወይም በጋሪ ከሚደርስበት ጎረቤት ጋር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስደት ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ግላስጎውና ኤድንብራ የወረዱ የደጋ ልጆች በከተማ የየአካባቢያቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ሺንቲውንም አብረው አቋቋሙ፤ የግላስጎው ካወል የመሰሉ ክለቦች ከመንደሮቹ ቡድኖች ያላነሱ ብርቱዎች ነበሩ። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የአገሩን ልማድ በደንብ የማደራጀት ጠባይ አለው፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የእኛን ሰዎች ማኅበር ያየ ይህን አይስተውም።

ሦስተኛው ደንብ ነው። ከስትራትግላስ ሸለቆ የነበሩት ካፒቴን ቺዝም በ1880 አካባቢ የሺንቲን ሕግ በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። በ1887 የስትራትግላስ ቡድን ከግሌን ኧርኩሃርት ቡድን ጋር በኢንቨርነስ ሲጫወት ትልቅ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲህ የየሸለቆው ደንብ መለያየቱ እያደር ችግር ሆነ። በመጨረሻ ኦክቶበር 10 ቀን 1893 የክለቦች ተወካዮች ተሰብስበው የካማናክድ ማኅበርን መሠረቱ። የተሰበሰቡት ኪንዩሲ ነበር። ኒውተንሞሮች ይህን ከአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ሆነው ማየት ነበረባቸው። በ1896 ኢንቨርነስ ላይ የመጀመሪያው የዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ፤ ኪንዩሲ ካወልን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሌላ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ዜናውን በጋዜጣ አንብቦ ያልፈው ነበር። ኒውተንሞር ግን ዋንጫውን በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀ። በ1907 የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ፤ በ1908፣ በ1909ና በ1910 ደገመው፤ ለአራት ዓመት ያህል አገሩ በሙሉ የኒውተንሞር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው የ1909ኙን ነው፤ በሎክ ፋይን ዳርቻ ከምትገኘው ፈርነስ ከተባለች መንደር የመጣው ቡድን 11 ለ 3 ሲሸነፍ ጆን ካታናክ ብቻውን ስምንት ግብ አገባ። ካታናክ የኒውተንሞር ልጅ ነበር፤ በኤድንብራ ሕክምና አጥንቶ ሐኪም ሆነ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ገብቶ በ1915 በጋሊፖሊ ዘመቻ በደረሰበት ቁስል ሞተ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበረው።

ጦርነቱ በሺንቲ ላይ ያደረገውን በአንድ ሰው መናገር አይቻልም። ከ1915 እስከ 1919 ዋንጫው አልተደረገም። የመንደር ቡድን ማለት በአንድ ዕድሜ ያሉ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ በአንድ የአካባቢ ክፍለ ጦር የሚመዘገቡ አሥራ ሁለት ወጣቶች ማለት ነው፤ ክፍለ ጦሩ አንድ ቀን ክፉ ቀን ከገጠመው ቡድኑ ይጠፋል። በ1913 በፍጻሜ የተገናኙት የቦሊና የካይልስ አትሌቲክ ቡድኖች፣ በ1914 ዋንጫውን ያነሣው ኪንዩሲም፣ ከተጫዋቾቻቸው ብዙዎቹን አጥተዋል። በደጋው መንደሮች ባሉት የመታሰቢያ ሐውልቶች ላይ የተቀረጹትን ስሞች ከአሮጌ የቡድን ፎቶግራፎች ጋር የሚያነጻጽር ሰው ተመሳሳይ የቤተሰብ ስሞች ደጋግመው ይመጡበታል፤ ማክፈርሰን፣ ካታናክ፣ ማክዶናልድ። በባደኖክ የቤተሰብ ስም ጥቂት፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው።

ስለ ፈርነስ ጥቂት መጨመር አለብኝ። በ1909 አሥራ አንድ ግብ የተቆጠረበት ይህ የመንደር ቡድን በ1923 ተመልሶ ኒውተንሞርን በፍጻሜው 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ያንን ዓመት ዋንጫውን ያነሣው ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንዲት ግብ ሳይገባበት ነው፤ ይህን ያደረገ ሌላ ክለብ የለም። ፈርነስ በብረት ማቅለጫ የተመሠረተች፣ በኋላም ከድንጋይ ካባ የኖረች መንደር ናት፤ ተጫዋቾቿም የጉልበት ሥራ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ፈርነስ የራሷን ቡድን አታሰልፍም፤ ሺንቲ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ወደ ኢንቨሬሪ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ኒውተንሞርን ሳስብ ፈርነስ ትመጣብኛለች። ችሎታ አልጎደላትም፤ ታሪክም አልጎደላትም። የድንጋይ ሥራው ሲቀንስ ሰው ቀነሰ፤ ሰው ሲቀንስ አሥራ ሁለት መሙላት አቃተ። ኒውተንሞርም እንዲሁ ሰው የጎደለበት ዘመን ነበረው። ነገር ግን ኒውተንሞር ውስጥ አንድ ዓመት ቡድን አለማሰለፍ ማለት በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ላይ የሚያገኙትን የኪንዩሲ ሰው ፊት ማየት ማለት ነበር።

ከሁለቱ ጦርነቶች መካከል አንሥቶ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ያለው ዘመን በጥቅሉ የኒውተንሞር ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ዋንጫው በ1947 ሲመለስ ኒውተንሞር ወሰደው። ኪንዩሲ በበኩሉ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1961 ድረስ አራት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ያለ ዋንጫ ኖረ፤ ከ1961 በኋላም እንደገና እስከ 1984 ጠበቀ። በ1970ዎቹ የኒውተንሞር ቡድን ዋንጫውን ያነሣበት ብዛት የመንደሩን ልጆች ዋንጫ የዓመቱ ወቅት አካል እንዲመስላቸው ሳያደርግ አልቀረም። በ1986 ለ28ኛ ጊዜ ወሰዱት።

ከዚያ ቆመ። ከ1986 በኋላ ኒውተንሞር ለ25 ዓመት የካማናክድን ዋንጫ አላገኘም። ይህ ብቻ ቢሆን የማንኛውም ክለብ ዕጣ ነው። ክፉው ነገር ዋንጫው የት እንዳለ ማወቃቸው ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ኪንዩሲ በስፖርት ታሪክ ብዙ ያልታየ ነገር አደረገ። ሃያ የሊግ ሻምፒዮናዎችን በተከታታይ ወሰደ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ዓመት ሙሉ አልተሸነፈም፤ ከ1997 እስከ 2003 ደግሞ የካማናክድን ዋንጫ ሰባት ጊዜ በተከታታይ አነሣ። በ2005 የጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ የኪንዩሲን ቡድን በዓለም ስፖርት ከሁሉ የበለጠ ባለ ድል ብሎ መዘገበው። ጋዜጦች «የሸለቆዎቹ ሮናልዶ» የሚሉት ሮናልድ ሮስ በተጫወተበት ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ ግብ አስቆጠረ። የሊጉን ተከታታይ ድል በ2006 ያቋረጠው ፎርት ዊልያም ነው፤ ኒውተንሞር አይደለም። ለኒውተንሞር ደጋፊ ይህ ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ቁጭት ሳይሆን አልቀረም።

በእኔ አስተያየት የክለቡ እውነተኛ ታሪክ ያለው በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ ነው፤ የክለብ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ዘመን በጥቂት መስመር ማለፍ ይወዳሉ። ዋንጫ የሌለበት ሩብ ክፍለ ዘመን ሲያልፍ የሣር አጫጁ ሣሩን ማጨዱን፣ አሠልጣኙ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መውጣቱን፣ ጸሐፊው ዳኛ መጠየቁንና መኪና መመደቡን፣ ሴቶቹ ሻይና ሳንድዊች ማዘጋጀታቸውን አላቋረጡም። ሺንቲ የአማተሮች ጨዋታ ነው፤ ትልቁ ኮከብም ደመወዝ የለውም፤ ቅዳሜ ሁለት ግብ ያገባ ሰው ሰኞ አናጺ፣ የደን ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ክለቡን ጥሎ ወደ ተሻለ ክፍያ የሚሄድ ተጫዋች የለም፤ ግን ሥራ ፍለጋ ወደ ኢንቨርነስ ወይም ወደ አበርዲን የሚሄድ አለ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ የሚጫወት ሰውም አለ። ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው ቢባል፣ ልጅ ሆኖ ከኪንዩሲ ጋር ስለተጫወተ ነው።

ልጅነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ በጣም የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ኒውተንሞር የራሷ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት፤ ኪንዩሲም እንዲሁ። ሕፃናቱ በየትምህርት ቤታቸው ስም ይጫወታሉ፤ አንዱ ሌላውን በደንብ መጥላት ይማራል። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሁሉም አብረው ወደ ኪንዩሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ የኒውተንሞር ልጅ በየጧቱ በአውቶቡስ ወደ «ጠላት» መንደር ይሄዳል፤ ከትናንት ተቀናቃኙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ትምህርት ቤቱን ወክሎም በአንድ ማሊያ ይጫወታል። ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ይለያያሉ። በ17 ዓመታቸው አንዱ የሌላውን ግራ እጅ፣ የዱላ አጨባበጥ፣ የፍርሃት ነጥብ ያውቃል። ሁለቱ መንደሮች ሲጋጠሙ ጨዋታው ጥብቅና ቁጡ የሚሆነው በጥላቻ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ትውውቅ ምክንያት ይመስለኛል። የማያውቁትን ሰው ማታለል ይቻላል፤ ለስድስት ዓመት አብረው የተማሩትን አይቻልም።

በ2011 ኒውተንሞርና ኪንዩሲ በካማናክድ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ኒውተንሞር 4 ለ 3 አሸነፈ። ሌላ ቡድን አሸንፎ ቢወስደው ያ የ25 ዓመት ጥበቃ ግማሽ ትርጉሙን ያጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተከፈተ፤ በሊጉም ከ2010 ጀምሮ ለዓመታት የበላይ ሆኖ ቆየ፤ ከ2016 እስከ 2019 ደግሞ ዋንጫውን በተከታታይ አነሣ። ኪንዩሲ አልተኛም፤ በ2022ና በ2023 ዋንጫው ወደዚያው አምስት ኪሎ ሜትር ተመለሰ።

አንድ ነገር በዚህ መካከል ተለውጧል፤ ለውጡም እኔ እንደ ውጭ ሰው ሳስበው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ሺንቲ በታሪኩ የክረምት ጨዋታ ነበር፤ አመጣጡም ከገናና ከአዲስ ዓመት ነው። ነገር ግን በደጋው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሜዳው በረዶ ይሆናል፤ ወይም ስፔይ ሞልቶ ውኃ ይተኛበታል፤ ጨዋታ ለሳምንታት ይሰረዛል፤ ብርሃኑም ከቀትር በኋላ ብዙ አይቆይም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ክለቦቹ ውድድሩን ከማርች እስከ ኦክቶበር ወዳለው ጊዜ አዛወሩት። አሠራሩ ትክክል ነበር፤ ተጫዋቾችም ሆኑ ተመልካቾች ተጠቅመዋል፤ ልጆችም በብርሃን ይለማመዳሉ። ሆኖም ጨዋታው ከተወለደበት በዓል ጋር ያለው ገመድ በዋናው ውድድር ተቆረጠ። አንዳንድ ቦታ የአዲስ ዓመት ጨዋታ አሁንም አለ፤ ለምሳሌ ሎቫትና ቦሊ በየዓመቱ መጀመሪያ ይገናኛሉ። የቀረው ግን የበጋ ስፖርት ሆኗል። በእኛ አገር የሆነው ከዚህ ተቃራኒው ነው፤ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለገና ደንብ አውጥቶ በየዓመቱ በሚደረገው የባህል ስፖርቶች ውድድር ያጫውታል፤ ጃን ሜዳም የገና ዕለት ዱላ ይታያል፤ ጨዋታው ግን ከበዓሉ ሳይላቀቅ በዓመት አንድ ሰሞን ይኖራል። የእነርሱን መንገድ ከመረጥን ገና የቅዳሜ ጨዋታ ይሆናል፤ ገና መሆኑ ግን ይቀራል። እኔ ይህን ዋጋ ለመክፈል ዝግጁ እንደሆንሁ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኒውተንሞሮች ግን ከፍለውታል፤ በምላሹ ክለብ አግኝተዋል።

አሁን የሚያሳስባቸው ነገር የአየር ጠባይ አይደለም፤ ቤት ነው። ባደኖክ በኬርንጎርም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናት፤ ተራራ ወጪና የበረዶ ሸርተቴ ወዳድ ሁሉ ይወዳታል፤ ከደቡብ የሚመጡ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ቤቶቹን ለዕረፍት ጊዜ ይገዟቸዋል። ጥቂት ሳምንት መብራት የሚበራበት ቤት ለሺንቲ ቡድን ልጅ አይወልድም። ኒውተንሞር ቱሪስትን አትጠላም፤ በፈረስ ጉዞ የሚደረገውን የሽርሽር ንግድ በብሪታንያ ከጀመሩት ቦታዎች አንዷ መሆኗን ትናገራለች፤ የደጋው ሕዝብ አኗኗር የሚታይበት የሃይላንድ ባህላዊ ሙዚየምም በዚያው ነው። (ሙዚየሙ ለብዙ ዓመት ኪንዩሲ ነበር። ኪንዩሲዎች ይህንንም አልረሱትም ብዬ እገምታለሁ።) ችግሩ እንግዳው መምጣቱ አይደለም፤ የመንደሩ ልጅ አግብቶ የሚገባበት ቤት ማጣቱ ነው። አሥራ ሁለት ዋና ተጫዋችና ሁለተኛ ቡድን ለማሰለፍ፣ በየዕድሜው ልጆች ለመያዝ፣ አንድ ሺህ ሰው ጠባብ ምንጭ ነው፤ ከዚያ ላይ ጥቂት ቤተሰቦች ቢቀነሱ ወዲያው ይታወቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የሴቶች ሺንቲ የራሱን ማኅበር ያገኘው ከ2000 ወዲህ ነው፤ ከዚያ ጀምሮም በፍጥነት አድጓል። የኒውተንሞርና የኪንዩሲ ሴቶች ሲጫወቱ ግን በየመንደራቸው ስም አይከፈሉም፤ ባደኖክ በሚል አንድ ስም አንድ ቡድን አቋቁመዋል፤ ዋንጫም አንሥተዋል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፤ ለሁለት ቢከፈሉ ቁጥራቸው አይበቃም። እኔ ግን ከመስመሩ ዳር ቆሜ ስመለከት ነገሩ ከቁጥር በላይ ይመስለኛል። የኒውተንሞር አባት ልጁ ከኪንዩሲ ልጅ የተቀበለችውን ኳስ ግብ ስታገባ ያጨበጭባል፤ አጠገቡ የቆመው የኪንዩሲ አባትም ያጨበጭባል፤ ከዚያ ሁለቱ በሚመጣው ቅዳሜ ወንዶቹ ስለሚያደርጉት ግጥሚያ ይከራከራሉ።